ያማረ የብየዳ ጠረጴዛ አይተው ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ጠረጴዛው በእርግጥ ያስደንቃል። ላዩ ላይ ቀዳዳዎች በመስመር ተደርድረዋል። አንዱን እጀታ ሲስቡት ከሆዱ ሞርሳ ብቅ ይላል፤ ክሪኩን ሁለት ሦስቴ ሲረግጡት ጠረጴዛው ከፍ ብሎ በአራት ጎማ ይቆማል፤ ጎኑ ላይ የግራይንደር ማንጠልጠያ፣ የሶኬት መደዳ፣ የአየር መሰኪያ፣ ተጣጣፊ አምፖል ሳይቀር አለ። የሠራው ሰው ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ከተራረፈ ብረት፣ ንድፉን ከራሱ ጭንቅላት አውጥቶ ነው የገጣጠመው። ቢያደንቁት አይፈረድብዎትም፤ እኔም እንዲህ ያለውን ሳይ ቶሎ አልፌ አልሄድም።

ባለቤቱ "ለእርስዎም አንድ እሠራልዎታለሁ" ወይም "ይህንኑ ልሽጥልዎ" ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል። ሻጭ ሁሉ የሚከፈተውን፣ የሚዘጋውንና የሚሽከረከረውን ያሳይዎታል። የብየዳ ጠረጴዛ ግን ከአራት ነገር በላይ ግዴታ የለበትም፦ ላዩ ዝርግ ይሁን፣ ሲመቱት አይነቃነቅ፣ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፍ፣ ለእርስዎ ሥራ ይብቃ። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር ለምን ገንዘብ እንደሚወጣበት መልስ ይኑረው። ለማየት ሲሄዱ ሜትር፣ አንድ ቀጥ ያለ ብረት፣ ሲባጎ፣ ነጭ ወረቀትና የባንክ ካርድዎን ይያዙ። ካርዱን ለክፍያ አይደለም የምፈልገው፤ ወረድ ብለው ያገኙታል።

መጀመሪያ የራስዎን ሥራ ይጠይቁ

• በወር ውስጥ አብዝተው የሚበይዱት ምንድን ነው? የቤት በር ከሆነ አንዱ ክንፍ ወደ 90 በ210 ሳንቲ ሜትር ነው። የግቢ በር ከሆነ የትኛውም ጠረጴዛ አይበቃዎትም፤ ወለል ላይ ወይም ካቫሌቶ ላይ መሥራትዎ አይቀርም። ወንበርና የጠረጴዛ እግር ከሆነ ደግሞ 1 ሜትር በ1 ሜትር ይበቃል። "ትልቅ መግዛት አያከስርም" ከሚለው ምክር ይጠንቀቁ። ያከስራል፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ትልቅ ጠረጴዛ የዕቃ መከመሪያ ይሆናል።

• የሠራው ሰው ራሱ ምን ይሠራበታል? ሰው ለራሱ የሠራው ጠረጴዛ በራሱ ቁመት፣ በራሱ እጅ፣ በራሱ የብየዳ ማሽን ልክ የተቆረጠ ነው። ቆሞ ለመሥራት ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ከፍታ ለብዙ ሰው ይመቻል። አጠገቡ ቆመው ክንድዎን አጥፈው ይሞክሩት። ግራኝ ከሆኑ ሞርሳውና መሳቢያው በየትኛው ወገን እንዳሉ ይመልከቱ።

• ላዩ ላይ የብየዳ ፍንጣቂ አለ? እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ጭረትም ሆነ ጥቁር ነጥብ የሌለበት ጠረጴዛ ለፎቶ ያምራል፤ ሥራ ግን አይቶ አያውቅም። ያልተፈተነ ነገር በተፈተነ ዋጋ እንዳይገዙ።

ላሜራው፦ ገንዘብዎ ያለው እዚህ ነው

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ባለቤቱ ሻይ ካዘዘልዎ ይጠጡ፤ ግን ከላሜራው አይራቁ።

• ውፍረቱን በጠርዙ በኩል አይለኩ። ይህን ብልሃት ይወቁት፦ የ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ዙሪያውን በ12 ሚሊ ሜትር ክፈፍ ይበየድበትና ጠርዙ በግራይንደር ይለሰልሳል። ከጎን ያየ ሰው ሙሉው ጠረጴዛ 12 ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ መሐል ላይ ባለ ቀዳዳ ውስጥ ካሊፐር ያስገቡ። ቀዳዳ ከሌለው ጎንበስ ብለው ከሥር ይዩት፤ በክፈፉና በላሜራው መካከል የብየዳ መስመር ካለ ተገኘ ማለት ነው።

• ኪሎውን ራስዎ ያስሉ። አንድ ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 1 በ2 ሜትር የሆነው ላሜራ በ6 ሚሊ ሜትር 94 ኪሎ፣ በ10 ሚሊ ሜትር 157 ኪሎ፣ በ12 ሚሊ ሜትር 188 ኪሎ ነው። ባለ ክፈፉ የ4 ሚሊ ሜትር ጠረጴዛ ግን ላዩ ከ63 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። ብረት በኪሎ በሚተመንበት ገበያ ልዩነቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ ለሌለ ብረት ከፈሉ ማለት ነው።

• ዝርግ ነው? በዓይን አይታወቅም። ቀጥ ያለውን ብረት በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱም ዲያጎናል ያጋድሙት፤ ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍበትን ቦታ ይፈልጉ። አሁን ካርዱን ያውጡ። የባንክ ካርድ ውፍረት በዓለም ዙሪያ አንድ ነው፦ 0.76 ሚሊ ሜትር። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ደግሞ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ካርዱ በቀላሉ የሚያልፍበት ክፍተት ለመስኮት ፍርግርግ ይታገሡታል፤ ሁለት ካርድ ተደራርቦ ካለፈ ላዩ ሰርጉዷል። ወረቀት ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ጎበዝ ሠራተኛ አግኝተዋል፤ ዋጋው ላይ ብዙ አይከራከሩ።

• የያዙት ብረት ራሱ ቀጥ ያለ ነው? ሻጩ "በዚህ ይለኩ" ብሎ የሚሰጥዎትን አይመኑ። በእርሳስ አንድ መስመር ያስምሩበት፤ ከዚያ ብረቱን ገልብጠው በዚያው መስመር ላይ ደግመው ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ካልተደራረቡ ብረቱ ጠማማ ነው፤ የሚያዩት ክፍተትም የጥመቱን እጥፍ ነው።

• ተጠማዟል? ይህ ከመሰርጎድ የባሰ ነው፤ ቀጥ ያለ ብረት ብቻውን አንዳንዴ አያሳየውም። ሁለት ሲባጎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ተሻጋሪ አድርገው ይወጥሩ፤ በየማዕዘኑ ከሥራቸው እኩል ቁመት ያላቸው አራት ዳዶ ያስገቡ። መሐል ላይ ሁለቱ ሲባጎዎች ለጥቂት ሲነካኩ ጥሩ ነው። ተራርቀው ካለፉ ወይም የላይኛው የታችኛውን ከተጫነው ላዩ ተጠማዟል። እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩት በር ሁሉ አንድ ማዕዘኑን ከግድግዳ እያራቀ ይሄዳል፤ ደንበኛው ደግሞ የሚወቅሰው እርስዎን ነው።

• ላሜራው ከፍሬሙ ጋር በምን ተያያዘ? ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም አጠገቡ ያለውን ብረት ይስባል። ላሜራው ዙሪያውን ያለማቋረጥ ከተበየደ፣ ወፍራም ቢሆንም መጉበጡ አይቀርም፤ ያውም የሚጎብጠው ሠሪው ማሽኑን አጥፍቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። ደህና ሠሪ ላሜራውን ፍሬሙ ላይ በቡሎን ያስቀምጠዋል፤ አንዱ ቡሎን ይገፋል፣ ሌላው ይስባል፣ እየተለካ ይስተካከላል። ቢያንስ ደግሞ አጫጭር ብየዳ አራርቆ ያደርጋል። "ጠንካራ እንዲሆን ዙሪያውን በየድኩት" ካለዎት ከላይ ያለውን የካርድ ፍተሻ ሁለት ጊዜ ያድርጉት።

• ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው? ከማዕዘኑ በአንድ በኩል 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 100 ካልመጣ ማዕዘኑን እንደ ስኳድራ መጠቀም አይችሉም።

እግርና ፍሬም

• ቱቦላሬው ስንት ሚሊ ሜትር ነው? 40 በ40 ሲባል ውጪውን ነው የነገሩዎት። ያው 40 በ40 ሆኖ ባለ 1.5ቱ በ6 ሜትር ወደ 11 ኪሎ፣ ባለ 3ቱ ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። ቀለም ከተቀባና ጫፉ ከተደፈነ በኋላ ሁለቱን በዓይን አይለዩም። ጫፉ እንዲከፈትልዎ ወይም የተረፈ ቁራጭ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

• ጥግ ይዘው ይግፉት። በርዝመቱም በወርዱም በኃይል ይነቅንቁት። የሚወዛወዝ ከሆነ ማገር ጎድሎታል፤ መሳቢያዎቹ ተሠርተው ካለቁ በኋላ ማገር የሚገባበት ቦታ የለም።

• እግሮቹ ሥር የሚስተካከል ቡሎን አለ? የብዙ ወርክሾፕ ወለል ዘንበል ይላል፤ ውሃ እንዲፈስ ተብሎ የተሠራም አለ። አራት እግር ባልተስተካከለ ወለል ላይ ሲያርፍ ጠረጴዛው ራሱ ይጠማዘዛል። ሻጩ ቤት ዝርግ የነበረው እርስዎ ዘንድ የሚጣመምበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

ቀዳዳዎቹ

በጀርመን ፋብሪካዎች ጠረጴዛ ላይ እንደሚታየው 16 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ50 ወይም በ100 ሚሊ ሜትር ርቀት መደርደር አሁን የአገራችንም ሠሪዎች ፋሽን ሆኗል። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ክላምፕ የትም ቦታ ይተክላሉ። ሒሳቡን ግን ማንም አያነሣም።

• ስንት ቀዳዳ ነው የሚከፈልበት? 1 በ2 ሜትር ላይ በየ100 ሚሊ ሜትሩ 171 ቀዳዳ ይሆናል፤ በየ50ው ከሆነ 741። በትራፓኖ ከሆነ የመሰርሰሪያ ጫፍ፣ ጉልበትና መብራት ነው፤ በፕላዝማ ከሆነ የሰዓት ክፍያ ነው። በየ100ው ይጀምሩ። የጎደለውን በኋላ መቦርቦር ይቻላል፤ የተቦረቦረውን መድፈን ግን አይቻልም።

• ቀዳዳው በእርግጥ 16 ነው? በፕላዝማ የተቆረጠ ከላይ 16፣ ከታች 15 ወይም 17 ሊሆን ይችላል። አንድ ንጹሕ የ16 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይዘው አሥር የተለያየ ቦታ ያስገቡ። ክላምፕ የማይቆምበት ቀዳዳ ትናንሽ ዳዶ መዋጫ ነው።

• ክላምፖቹ በዋጋው ውስጥ አሉ? ፎቶው ላይ አሉ፤ ሲረከቡ ግን አይገኙም። ከውጭ የሚመጡ ክላምፖች ሲደማመሩ ከጠረጴዛው ዋጋ ሊበልጡ ይችላሉ። "ከነክላምፑ ነው?" ብለው ይጠይቁ፤ ስንት እንደሆኑም ውሉ ላይ ያስጽፉ።

የሚንቀሳቀሰው ሁሉ

ልብ የሚሰርቀው ይህ ክፍል ነው፤ ቶሎ የሚበላሸውም ይኸው ነው። የግራይንደር ብናኝ ቅባት ካገኘ ሁሉ ነገር ላይ ይለጠፋል።

• ጎማው ስንት ኪሎ ይችላል? 350 ኪሎ የሚመዝን ጠረጴዛ ወጣ ገባ ወለል ላይ ሲገፋ ክብደቱ ለአፍታ በሦስት ጎማ ላይ ይወድቃል። ለአራት አካፍለው የሚነግሩዎትን ለሦስት ያካፍሉት። ሲሠሩ ደግሞ ጠረጴዛው በእግሩ መቆም አለበት፤ የጎማ ፍሬን ለመዶሻ አይበቃም።

• የሚታጠፈው ክንፍ ሲዘረጋ ከዋናው ላይ እኩል ነው? ዘርግተው ቀጥ ያለውን ብረት መጋጠሚያው ላይ ያጋድሙ። ከዚያ ጫፉ ላይ በሁለት እጅዎ ተደግፈው ደግመው ይለኩ። ማጠፊያው አዲስ ሆኖ ከሰጠመ በዓመቱ ምን ሊሆን ነው?

• የብየዳ ማሽኑ ግራውንድ ክላምፕ የት ይያዛል? ቀለም የተቀባ እግር ላይ ከያዘ፣ ወይም ላሜራው ፍሬሙን የሚነካው በጥቂት ቡሎኖች ብቻ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ የመመለሻ መንገድ ይቸግረዋል። ያኔ በመሳቢያ ሐዲድና በሚሽከረከር ሞርሳ ኩሽኔታ በኩል ይሄዳል፤ ኩሽኔታው ውስጡ ይቃጠልና መንቀርቀር ይጀምራል። ክላምፑ ባዶ ብረት ላይ፣ በቀጥታ ላሜራው ላይ የሚያዝበት ቦታ ከሌለ ያሠሩ።

አደጋ ያለባቸው

• ከጠረጴዛው ጋር የተሠራ ሶኬት። የብየዳ ማሽኑ ግራውንድ ደካማ ከሆነ የብየዳው ኃይል በሶኬቱ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ በኩል መንገድ ሊያገኝና ሽቦውን ሊያቃጥለው ይችላል። የጋለ ብረት የሚያርፍበት ጠርዝ አጠገብ ገመድ ካለም ልባሱ ይቀልጣል። ገመዱ በምን ውስጥ ያልፋል? የራሱ ብሬከር አለው? ሠሪው "ምንም አይሆንም" ካለዎት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሳዩ፤ ካልሆነም ሶኬቱ ግድግዳ ላይ ይቅር።

• እግሩ የአየር ታንክ ነው? አንዳንድ ብልህ ሠሪዎች የጠረጴዛውን ቱቦላሬ ደፍነው ለኮምፕሬሰር አየር ማጠራቀሚያ ያደርጉታል። ሐሳቡ ያስቃል፤ ያስደስታልም። ግን ይህን ያስሉ፦ በ8 ባር ግፊት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ የቱቦላሬ ገጽ ብቻ ወደ 8 ቶን የሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። የአየር ታንክ ክብ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ላይ ከአየር የሚንጠባጠብ ውሃ ከውስጥ ያዝገዋል፤ እርስዎም ከላዩ ይበይዱበታል። ይህ ካለ ዋጋ አይጠይቁ፤ ወይ አየሩ ይለቀቅና ቱቦው ይበሳ፣ ወይ ጠረጴዛው ይቅርብዎ።

• ጋልቫናይዝድ ብረት አለበት? ዚንኩ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ይወጣል። የሳበው ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ወባ ነው ብሎ የሚተኛም አለ። ላዩ በምንም ዓይነት ጋልቫናይዝድ ወይም ቀለም የተቀባ አይሁን።

• ከሥር የኦክስጅንና የአሴቲሊን ሲሊንደር ማስቀመጫ። "ቦታ ይቆጥባል" ይሉዎታል። ፍንጣቂ የሚወርደው ወደ ሥር ነው፤ ቀዳዳ ባለው ጠረጴዛ ደግሞ በቀጥታ ይወርዳል።

• ጭስ መሳቢያ ማራገቢያ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ስለዚህ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ጭሱ ወዴት ይወጣል? ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ እዚያው ቤት የሚበትን ከሆነ ጩኸት ገዝተዋል። ማጣሪያው ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ከሆነ ደግሞ ፍንጣቂ ያቀጣጥለዋል።

ገንዘቡና ውሉ

• የተነገረዎት ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ይጨምራል? ዋጋ ከተስማሙ በኋላ "ያለ ደረሰኝ ከሆነ..." የሚል ወሬ ከመጣ ገና ከመነሻው ይጨርሱት። ለሥራ ቦታዎ ከሆነ ደረሰኙ ያስፈልግዎታል።

• ዋጋው ለስንት ቀን ይጸናል? ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ ለብረት የሚሰጥ ዋጋ ዕድሜው አጭር ነው። ቀብድ ከፍለው ከሦስት ሳምንት በኋላ "ላሜራ ጨምሯል" እንዳይባሉ ብረቱ በቀብዱ ወዲያው እንዲገዛ ይስማሙ፤ የተገዛውንም ሄደው ይዩ፣ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት።

• ብረቱ ከየት መጣ? ከምን አለሽ ተራ የተለቀመ ብረት ነውር የለበትም፤ ብዙ ድንቅ ሥራ ከዚያ ወጥቷል። የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ምሰሶ ብረት ስርቆት ግን በዜና በተደጋጋሚ የሚሰማ ነው። በእኩል ርቀት የቡሎን ቀዳዳ ያለው፣ ግራጫ ጋልቫናይዝድ አንግል ብረት እግር ሆኖ ካዩ ደረሰኙን ይጠይቁ። ንብረቱ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሻጩ አጠገብዎ አይኖርም።

• ማጓጓዣው በማን ነው? አይሱዙው አንድ ነገር ነው፤ ጫኝና አውራጅ ሌላ። ሻጩ ሰፈር የሚጭኑት፣ እርስዎ ሰፈር የሚያወርዱት የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱም "ከባድ ብረት" ሲያዩ ዋጋቸው ይለወጣል። ጠረጴዛው ሲፈታ ላሜራው ብቻውን ይወጣል? የማይፈታ ከሆነ የበርዎን ስፋት ለክተዋል? ከነእግሩ ሲጫን ከተጠማዘዘስ ኃላፊነቱ የማን ነው?

• ከወር በኋላ መጥቶ ያስተካክላል? የተበየደ ብረት በሥራ ሙቀት ትንሽ ይንቀሳቀሳል። አንድ ጊዜ መጥቶ ቡሎኖቹን እንዲያስተካክል ውሉ ላይ ያስገቡ፤ የመጨረሻው ክፍያም ጥቂት እስከዚያ ይቆይ። በራሱ ሥራ የሚተማመን ሰው በዚህ አይከፋም።

ከመለያየትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀርዎታል። ሠሪውን ለብቻው ያግኙትና "ደግመው ቢሠሩት ምኑን ይተዉት ነበር?" ይበሉት። ይህን ያህል የተጠበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ይናገራል፤ መሳቢያዎቹ ብናኝ ይሞላቸዋል፣ የተደበቀው ሞርሳ ይንቀጠቀጣል፣ አምፖሉ ሁለቴ ተሰብሯል ይልዎታል። የጠራቸውን አንድ በአንድ ከትዕዛዝዎ አስወጥተው ዋጋውን እንደገና ይጠይቁት።